ሳሙና ያጸዳችው ዳር

ቤተሰቡ በሙሉ «ሳሙና» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሳለች የበር እጀታ በነካች ቁጥር እየሮጠች እጇን ስለምትታጠብ። አድጋም አልለቀቃትም። ሥራዋም እንደ ስሟ ሆነና በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች፤ አንሶላ ትተኩሳለች፣ የቀዶ ሕክምና ጋውን ታጥፋለች፣ ከእንፋሎቱ የተነሳ ፊቷ ሁልጊዜ እንደበሰለ ነው።

ሰውን የሚገርመው፣ ደም አይቀፋትም ነበር። መግል የነካው ፋሻ፣ ትውከት የደረቀበት ትራስ፣ ምኑም ምኑም አይመስላትም። የፈላ ውሃ የማያስለቅቀው ቆሻሻ የለም ባይ ናት። የሚቀፋት በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ አጥንት የሌለው፣ ልስልስ ያለ፣ ሲነኩት የሚጥመለመል። አንድ ጊዜ ሰላጣ ስታጥብ ትል አይታ ሰላጣውን ከነሳህኑ ወርውራዋለች። ሳህኑ የእናቷ ነበር።

ወንድሟ ከጎተራ መሰላል ላይ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ ጊዜ የተኛው እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ነው። በምሳ ሰዓት ራሷ የተኮሰችውን አንሶላ ይዛለት ትመጣለች። አንድ ቀን አንሶላውን እያነጠፈችለት ሳለ እጇን ያዝ አደረጋት።

«ሳሙናዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«የፈለግከውን፣ ጋሼ።»

«በቆሎው ተምች ገብቶበታል። ሚስቴ ብቻዋን ናት። የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና ሥራው እስኪቀልላት እርጃት።»

ተምች ማለት ትል እንደሆነ ታውቃለች።

«ሌላ ነገር ለምነኝ፣» አለችው።

«ሌላ የለኝም።»

አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የገዛላትም፣ ወባ የያዛት ጊዜ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳትም። እምቢ የምትልበት አንደበት አጣች። ሳምንቱ ሳያልቅ የላስቲክ ጓንት፣ ሁለት ሳሙናና አንድ ወረንጦ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የወንድሟ ሚስት ትከሻዋ ሰፊ፣ ነገር ስታወራ ፊቷ የማይፈታ፣ ቀልዷንም ቁም ነገሯንም በአንድ ድምፅ የምትናገር ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት ለእንግዳዋ የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ አስያዘቻትና ማሳው ውስጥ አስገባቻት።

የበቆሎው ቅጠል በምስማር የተበሳሳ ይመስላል። መሐሉ ላይ፣ አዲሶቹ ቅጠሎች ተጠቅልለው በሚወጡበት ልብ ውስጥ፣ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር ተጠቅጥቋል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ኩሷ ነው።»

«የማን ኩስ?»

«የትሏ ነዋ። እላይዋ ላይ ከምራ፣ ከሥሩ ተኝታ ነው የምትበላው። ቤቷም መጸዳጃዋም አንድ ነው።»

ምራቷ ቅጠሉን በሁለት ጣቶቿ ፈልቀቅ አደረገችው። ትሏ እዚያው እርጥብ ኩስ ውስጥ ተቆልምማ ተኝታለች፤ ከጣት አንጓ ትረዝማለች፣ ቡናማም አረንጓዴም ነገር ናት፣ ቆዳዋ በዘይት የታሸ ይመስል ያብለጨልጫል። ብርሃን ሲያርፍባት ራሷን ቀና አደረገች። ግንባሯ ላይ የተገለበጠ ሹካ የሚመስል ነጭ መስመር አለ። ሳሙና ከእግር ጥፍሯ እስከ ጭንቅላቷ ድረስ ዝግንን አላት።

«አትናከስም?»

«አትናከስም።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ትተፋብሻለች እንጂ አትነክስሽም።»

ትሏን በወረንጦው ስትይዛት እውነትም ተፋችባት። አረንጓዴ ዝልግልግ ያለ ነገር በጓንቷ ላይ ወረደ። ሳሙና ትሏንም ወረንጦውንም ጣሳውንም አንድ ላይ ጥላ ከማሳው ወጣችና ቁርሷን ሁሉ አወረደችው። ምራቷ ጣሳውን አንስታ አዲስ ውሃ ሞላችበት፣ ወረንጦውንም በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻት።

«መድኃኒት ብንረጭበትስ?» አለች ሳሙና፣ አፏን እየጠረገች።

«አምና ረጭተን ነበር። ትሏ ልቡ ውስጥ ተወትፋ መድኃኒቱ መች ያገኛትና። ያለቀው ሌላው ነው። ንቡ፣ ጉንዳኑ፣ ሸረሪቱ፣ ማሳው ጭር አለ። እኔም ስተፋ ሰነበትኩ። ከዚያ ትሏ ተመልሳ መጣች፣ እሷን የሚነካት ግን አልተመለሰም። በይ ነይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።»

ሳሙና እያለቀሰች ለቀመች። ከወረንጦው ጫፍ የሚሰማት ልስላሴ፣ ትሏ ስትጨመቅ የምታወጣው ድምፅ፣ ጣሳው ውስጥ የሰመጡት ተነፋፍተው ሲንሳፈፉ የሚሸተው ሽታ፣ ሁሉም ምሳዋን ከለከላት። አንዱ በቆሎ ልብ ውስጥ ሁለት ትሎች አገኘች። ትልቋ ትንሿን ከወገቧ ይዛ እየበላቻት ነው፤ ትንሿ ደግሞ ግማሽ አካሏ ተበልቶም ቅጠሏን ማኘኳን አላቆመችም። ሳሙና ዓይኗን ማንሳት እየፈለገች ማንሳት አቃታት።

«እርስ በርሳቸው ይበላላሉ እንዴ?»

«ቦታ ሲጠባቸው። ዘመድ አዝማድ አይሉም።»

ሰው አይለምደው ነገር የለም ቢባልም ሳሙና አልለመደችውም። ፍጥነት ግን አበጀች። የቅጠሉን ጀርባ እያየች፣ የትሏ እናት የሆነችው የእሳት ራት በፀጉሯ ሸፍና የምትጥለውን እንቁላል ሳይፈለፈል በጨርቅ መጥረግን ተማረች። እንቁላሉ ስለማይጥመለመል ይሄኛው ሥራ ደስ አላት። ማታ ማታ እስኪቀላ ድረስ እጇን ትፈገፍጋለች፤ ምራቷ «ቆዳሽን ለነገ አስተርፊው» ትላታለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ የማሳው ትል እየቀነሰ ሄደ። በተለይ በስተምሥራቅ በኩል፣ አበባ ያለው አረምና ቁጥቋጦ ተጠላልፎ ባደገበት ዳር፣ በቆሎው ከሌላው ይልቅ ለምለም ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ያን ሰሞን ወንድሟ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ታዘዘለትና ምራቷ ልታስታምም ወደ ሆስፒታል ሄደች። ሳሙና ማሳው ላይ ብቻዋን ቀረች። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው።

በዚያው በለምለሙ ዳር ስትለቅም አንዲት ትል ቅጠል ላይ ፍዝዝ ብላ አገኘች። አትሸሽም፣ አትተፋም። ሳሙና ጎንበስ ብላ አየቻት። የትሏ ጎን ይነቃነቃል። ትሏ ግን አልተነቃነቀችም፤ የሚነቃነቀው ቆዳዋ ነው። ከዚያ ቆዳዋን በስቶ አንድ ነጭ፣ ዓይን የሌለው፣ እንደ ቀቀሉት ሩዝ ፍሬ ያለ ነገር ራሱን አወጣ። ከአጠገቡ ሌላ ወጣ። ከዚያ ሌላ። በሕይወት ካለች ትል ጎን ትሎች እየወጡ፣ ወጥተውም እዚያው ጎኗ ላይ ነጭ ድር እያደሩ ፍሬ እስኪመስሉ ይሸፋፈኑ ጀመር። ትሏም እግሮቿን እያንቀጠቀጠች፣ የወጡባትን ልጆች የምትጠብቅ ይመስል፣ ከላያቸው ቆመች።

ሳሙና እዚያው ተንበርክካ አስመለሳት። ሆዷ ባዶ ሆኖም አልቆመላትም።

ስትነሳ ግን ንዴት ያዛት። ይሄ በሽታ ነው አለች በልቧ። በትል ላይ ትል የሚያወጣ በሽታ። ሆስፒታል ውስጥ የተገራ ጭንቅላት ነውና ያላት፣ በሽታ ደግሞ ሳይዛመት ይቃጠላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤነኞቹን ትሎች እንኳ ትታ እነዚያን ፈዛዞቹን ማደን ያዘች። ነጭ ፍሬ የተጣበቀበትን ቅጠል ሁሉ ቆርጣ በቆርቆሮ ሰብስባ ኬሮሲን አርከፍክፋ አነደደችው። ዳሩ ላይ፣ በአበባዎቹ መሐል፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ጥቋቁር በራሪዎች ሲርመሰመሱ አየችና የበሽታው ጎሬ ይሄ ነው ብላ ደመደመች። ማጭድ ይዛ አረሙን አበባውንም ቁጥቋጦውንም ከሥሩ አጨደችው፣ ከምራም ለኮሰችው። ሲያልቅ ዳሩ እንደተተኮሰ አንሶላ ንጹሕ ሆነ። ወደዚህ ቦታ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራቷን እስክትጠግብ በላች።

ምራቷ በተመለሰች ማግስት የወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በሞተር ብስክሌቱ መጣ። ገበሬው «ዶክተር ትል» ይለዋል። ረጅም ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ትል ያለባቸውን ብልቃጦችና የሚበላውን ዳቦ በአንድ ቦርሳ ይዞ ይዞራል። ሳሙና ከቦርሳው ዳቦ ቆርሶ ሲጎርስ አይታ ፊቷን አዞረች።

ሰውዬው ማሳውን ዳር ዳሩን ሲዞር ቆየና በስተምሥራቅ በኩል ሲደርስ ቀጥ አለ።

«እዚህ የነበረው አበባ የት ሄደ?»

«አጸዳሁት፣» አለች ሳሙና። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው ያለችው።

ባለሙያው በቆሎውን ፈልቀቅ አድርጎ አየ። ሌላውን አየ። በየልቡ ውስጥ ከፀጉር የማይወፍሩ አዳዲስ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ጥቁር ራሳቸውን እያነሱ፣ በሐር ክር እየተንጠለጠሉ፣ ነፋስ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ያሻግራቸዋል። ያ ሁሉ ለምለም ዳር ከማሳው ሁሉ የባሰ ሆኗል።

«ነጭ ፍሬ የተሸከመች ትል አይተሽ ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

«አይቼ ነበር። አቃጠልኳቸው። በሽታ መስሎኝ ነበር።»

«በሽታስ በሽታ ነው፤ የትሏ በሽታ ነው።» ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና ቁጢጥ አለ። «ከነጩ ፍሬ የምትወጣው ትንሽ ጥቁር በራሪ ተርብ ናት። ትሏን ፈልጋ በመርፌዋ ወግታ እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቹ ትሏን ከውስጥ ይበሏታል። እንዳትሞትባቸው ልቧንና አንጀቷን ለመጨረሻ ያቆዩላታል፤ ከዚያ...»

«ገባኝ። ይበቃል።»

«እናትየዋ ተርብ የምትቀምሰው የአበባ ማር ነው። እዚህ ዳር የነበረው አበባ ቀለቧ ነበር። በቆሎሽ በዚህ በኩል ያማረው ለዚያ ነው።»

ምራቷ ማሳውን አየች፣ ከዚያ የሳሙናን የተላጠ እጅ አየች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣» አለች ምራቷ። «አበባውን እሱ ነው እንዳትነኩት ያለን፤ ሳልነግርሽ ሄድኩ።»

ይህን ማለቷ ሳሙናን ከስድብ በላይ አሳፈራት። ልታድነው በመጣችው ማሳ ላይ ጠላት እያለች ስታቃጥል የሰነበተችው፣ እሷ ስታስመልስ በየቅጠሉ ሥር ሲሠሩላት የነበሩትን እንደሆነ ገባት። ያም ሆኖ የሠሩላትን ሥራ ስታስበው አንገፈገፋት።

«አሁን ምን ይደረግ?» አለች ምራቷ።

«ሌላ ቦታ ካሉ ማምጣት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤታችሁ ማሳ እንዴት ነው?»

ማዶ ያለውን ሰውዬ አገሩ ሁሉ «አቶ ነገ» ነው የሚለው፤ መቼ ታርማለህ ሲሉት «ነገ» ስለሚል። ማሳው በቆሎ የሚያበቅል ጫካ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከባለሙያው ጋር ሲሄዱ አቶ ነገ ዛፍ ሥር ተጋድሟል።

«ትል ልንለቅም መጥተን ነበር፣» አለችው ምራቷ።

«የኔን?» አለ ሰውዬው ቀና ብሎ። «እኔ ነገ ልለቅመው ነበር። ግቡ፣ ግቡ፤ ስታበቁ አረሙንም ብትጨምሩበት አልቀየምም።»

በአረሙ መሐል ያ ነጭ ፍሬ በየቦታው ነበር። ሳሙና ጓንቷን አጥልቃ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ፍሬ የተሸከሙትን ከነቅጠላቸው፣ ገና ያልፈነዱትን ፈዛዞች ደግሞ በየብልቃጡ ለቀመች። አብረው ከሆኑ ስለሚበላሉ ለእያንዳንዷ አንድ ብልቃጥ ያስፈልጋል። ባለሙያው አሠራሩን አሳያቸው፤ ነጩን ፍሬ በአጎበር ከረጢት አድርጎ ማሳው ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ መስቀል። ተርቧ በአጎበሩ ቀዳዳ ሾልካ ትወጣለች፤ በስህተት የእሳት ራት ቢፈለፈል ግን እዚያው ታግቶ ይቀራል። ያልፈነዱት ቤት ውስጥ ትኩስ ቅጠል እየበሉ ይቆያሉ።

«በየቀኑ ኩሳቸው ይጠረጋል፣ ብልቃጡ ይታጠባል። እርጥበት ከያዘ ይሻግታሉ፣ ውስጣቸው ያሉትም አብረው ይሞታሉ፣» አለ ባለሙያው።

ምራቷ ወደ ሳሙና ዞረች። ከመጣች ጀምሮ ሳሙና ፈገግታዋን ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ልጆቹን ማን እንደሚያጥብ ታውቋል።»

ብልቃጦቹ የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ ስላልተገኘ ሳሙና የምትተኛበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተደረደሩ። ዶሮ የማይደርስበት፣ ፀሐይ የማይመታው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እነሱን ሆነ። ወገባቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ሲያኝኩ የመንጋጋቸው ድምፅ ይሰማታል፤ እንደሚሰማት ትምላለች፣ ምራቷ ግን የለም ባይ ናት። አንድ በአንድ አውጥታ፣ ኩሱን በጥጥ ጠርጋ፣ ብልቃጡን በፈላ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ቅጠሉን ጠል የሌለበትን መርጣ ትሰጣቸዋለች። አንድም አልሻገተባትም። እየሠራች ግን ፊቷ አንዴም አልተፈታ። አንዳንዴ መሐል ላይ ብልቃጡን አስቀምጣ ደጅ ወጥታ አየር ስባ ትመለሳለች።

ትሎቹ ሲፈነዱ ማየት ግድ ሆነ፤ ነጩ ፍሬ የወጣበትን ለይቶ ወደ ከረጢቱ ማዛወር አለ። የመጀመሪያዋ ስትፈነዳ ሳሙና ምራቷን ጠራቻት፣ ብቻዬን አላየውም ብላ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ምራቷ ከብት ስታዋልድ የኖረች ሴት፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄንን ነው ብቻሽን ያየሽው?» አለች።

«ይሄንኑ ነው።»

«እኔም ብሆን አቃጥለው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ማሳው ውስጥ እንቁላልና ትል እየለቀሙ፣ ፈዘዝ ያለችውን ግን እየተዉ፣ ከሰዓት ብልቃጥ እያጠቡ ሰነበቱ። ሳሙና ፈቃዷ ሲያልቅ ደውላ አስጨመረች። አለቃዋ ምን ሥራ ይዘሽ ነው ስትላት ሕፃናት እያስታመምኩ ነው አለች፤ ምራቷ ከኋላዋ ሆና ሰማቻት። ስልክ ዘግታ ዞር ስትል ያቺ ፊቷ የማይፈታ ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ትስቃለች።

የበቆሎው ነገር እንደሚከተለው ሆነ። የምሥራቁ ዳር አልተረፈም። ትሉ ልቡን በልቶ ስለጨረሰው ታጨደና ለከብት ተሰጠ። ሌላው ማሳ ግን ከከረጢቶቹ ዙሪያ እየጀመረ ቀስ በቀስ አገገመ። ጥቋቁሮቹ በራሪዎች በየቅጠሉ ላይ ሲሄዱ መታየት ጀመሩ፤ ነጭ ፍሬ የተሸከሙ ትሎችም ሳሙና ባላኖረቻቸው ቦታ ተገኙ። የእሳት ራቷ እንቁላል መጣሏን አልተወችም፣ አትተውምም። በቆሎው ግን ፀጉር አወጣ፣ ከዚያም እሸት ያዘ። እሸቱም ቢሆን ሁሉም ንጹሕ አልነበረም፤ አንዳንዱን ሲላጡት ጫፉ በኩስ ጠቁሮ፣ መሐሉ ላይ የወፈረች ትል ተንፈላሳ ትገኛለች። ሳሙና አንድም አልቀመሰችም።

ወንድሟ በክራንች እየተደገፈ ቤቱ የገባው በዚያን ጊዜ ነው። ምራቷ የሆነውን ሁሉ በስልክ ነግራው ስለነበር አልተቆጣም፤ በመንገድ ላይ እየሳቀ ነው የመጣው ብሏታል አብሮት የመጣው ሾፌር። ማሳውን ካላየሁ አልቀመጥም አለና ሳሙና ቀስ አድርጋ ደግፋ ወሰደችው። በታጨደው ዳር ላይ ምራቷ የዘራችው አበባ ብቅ ብቅ ብሏል።

«እስቲ ያቺን ጉደኛ አሳይኝ፣» አላት።

«ይቅርብህ፣ ጋሼ።»

«ሕይወቴን ሙሉ ከትል ጋር የኖርኩ ሰውዬ ነኝ እኮ።»

ፈልጋ አንዲት አገኘች። ቅጠሉን ዝቅ አድርጋ አስጠጋችለት። ነጮቹ ልክ ከጎኗ እየወጡ ነበር። ወንድሟ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ በጉጉት አየ፤ ከዚያ ድንገት ፊቱ ነጣ፣ ዞር ብሎም ጫማው ላይ አስመለሰ። ክራንቹ እንዳይንሸራተትበት ሳሙና ከኋላ በብብቱ ሥር ይዛ አቆመችው።

ፋታ ካገኘ በኋላ አፉን በእጅጌው እየጠረገ «ታዲያ አንቺ አሁን ወደድሻቸው ማለት ነው?» አላት።

«ምናቸውን ነው የምወደው? ሳያቸው ዛሬም አንጀቴ ይገለባበጣል።»

እጁ ወደ ቅጠሉ ሲዘረጋ አየች። ትሏን ሊያራግፋት ነበር።

«ተዋት፣ ጋሼ፣» አለችው። «አትንካት።»